«ወዴት መሄድ ይወዳሉ?» በፖርቱጋልኛ እንዴት ይጠየቃል?

አንባቢ ሆይ! አንድን ሰው ወዴት መሄድ እንደሚወድ መጠየቅ ቀላል ነገር ይመስልሃል። በአማርኛ ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛም ትምህርት ቤት የተማርኸው ይበቃሃል። ይህንኑ ጥያቄ በፖርቱጋልኛ ልጠይቅ ያልህ እንደ ሆነ ግን ከመንገዱ በፊት ሌላ መንገድ ይገጥምሃል፤ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ መንገድ ነው።

ፖርቱጋልኛ ለእኔ ምን ያደርግልኛል አትበል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ ፖርቱጋልኛም ከኅብረቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከጊኒ ቢሳው፣ ከኬፕ ቨርዴ፣ ከሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ የሚመጣው እንግዳ የመንግሥት ሥራውን የሚሠራው በዚሁ ቋንቋ ነው። በመሥሪያ ቤት ያለህ ወጣት ጸሐፊ እንግዳ ተቀበል ልትባል ትችላለህ፤ ተማሪም ከሆንህ ዕድልህ ወደ ሊስቦን ወይም ወደ ሳን ፓውሎ ይመራህ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚነጋገርበት ቋንቋ ነውና ጥቂት ማወቁ አይከፋም።

መዝገበ ቃላት ብትገልጥ ነገሩ ያለቀ ይመስልሃል። መጓዝ «ቪያዣር» ነው። መውደድ «ጎሽታር» ነው። ሁለቱን ስታገናኝ «ጎሽታ ድ ቪያዣር?» ትላለህ፤ መጓዝ ይወዳሉ? ማለት ነው። በመካከል የገባችውን «ድ» አትርሳት፤ ፖርቱጋልኛ ያለ እርሷ ምንም ነገር አይወድም፤ ባሕርም ቢሆን፣ ከተማም ቢሆን፣ የገዛ ሚስትም ብትሆን። ብራዚል የሄድህ እንደ ሆነ በብዙ ቦታ «ድ» ተለውጣ «ጂ» ስትሆን፣ «ጎሽታ»ም «ጎስታ» ስትባል ትሰማለህ። ሊስቦኖች አናባቢውን ይውጡታል፤ ብራዚሎች አፋቸውን ከፍተው ይናገሩታል። በፖርቱጋል «ፕርፌር» የተባለው ቃል በብራዚል «ፕሬፌሪ» ይሆናል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው፤ ይመርጣሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ቃላቱ ይህን ያህል አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ጥያቄው ለማን ነው የሚለው ነው።

በአማርኛ «ይወዳሉ?» ስትል «እርስዎ» የሚለውን ቃል ባትጨምረውም አክብሮቱ በግሡ ውስጥ አለ። ፖርቱጋልኛም እንዲሁ ነው። ለጓደኛህ «ጎሽታሽ?» ትላለህ፤ ለማታውቀው ወይም ለምታከብረው ሰው ግን የመጨረሻዋን «ሽ» ጥለህ «ጎሽታ?» ትላለህ። እኛ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ሰዎች ቆጥረን «ይወዳሉ» ብለን ስናከብር፣ እነርሱ ደግሞ ፊታቸው የቆመውን ሰው እዚያ እንደሌለ ሰው ቆጥረው «ይወዳል» በሚለው ግሥ ያከብሩታል። አማርኛ ተናጋሪ ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። «ጎሽታሽ» ሲባል ስትሰማ መጨረሻው «ወደድሽ» ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል ለሴት ብቻ የሚነገር ይመስልሃል፤ እንዲህ አይደለም፤ ለወንዱም ለሴቱም ያው ነው። (እኔም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ «አንተ» ስልህ ቆይቻለሁ። በመጽሔት ወግ ነውና እንደማትቀየመኝ ተስፋ አለኝ።)

ተውላጠ ስሙ ላይ ስትደርስ ደግሞ ነገሩ ይጠናል። «ቱ» ማለት አንተም አንቺም ማለት ነው። «ኡ ሴኞር»፣ ለሴትም «አ ሴኞራ»፣ የእኛ «እርስዎ» ነው። በሁለቱ መካከል «ቮሴ» የሚባል ቃል አለ፤ ጣጣውም ያለው በእርሱ ላይ ነው። «ቮሴ» በጥንት ዘመን «ቮሳ ሜርሴ» ይባል ከነበረ የማዕርግ አጠራር የመጣ ነው፤ ምሕረትዎ፣ ጸጋዎ እንደ ማለት ያለ። ሰውን ራሱን በመጥራት ፈንታ የእርሱ የሆነውን ነገር መጥራት አክብሮት ነበር። የእኛንም «እርስዎ» የቋንቋ ሊቃውንት «ርእስ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ያመጡታልና ዘመድ ዘመዱን ይመስላል። ነገር ግን «እርስዎ» ክብሩን ጠብቆ ሲቆይ «ቮሴ» እያጠረ ሲሄድ ክብሩም አብሮ አጠረ። ዛሬ በብራዚል ለጓደኛም፣ ለባለ ሱቅም፣ በአውቶቡስ አብሮህ ለተቀመጠውም ሰው ያለ ጭንቀት ይባላል። በሊስቦን ግን አንድን ሽማግሌ «ቮሴ ወዴት መሄድ ይወዳል?» ብትላቸው ፊታቸው ሊጠቁር ይችላል። ብዙ ሰው እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል።

የሊስቦን ሰዎች ከዚህ የሚያመልጡበት ብልሃት አላቸው። አንደኛው ተውላጠ ስሙን ፈጽሞ መተው ነው፤ «ጎሽታ ድ ቪያዣር?» ብቻ ትልና ግሡ ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛው ስሙን መጥራት ነው። ዶና ኤሌና የሚባሉ ሴት ፊትህ ተቀምጠው «ዶና ኤሌና በባቡር መሄድ ትመርጣለች?» ተብለው ይጠየቃሉ። በእኛ ቢሆን ሴትዮዋ ዞር ብለው ሌላዋን ዶና ኤሌና በፈለጉ ነበር። ማዕረግ ያለውም በማዕረጉ ይጠየቃል፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው «ሴኞር ዶቶር»፣ መሐንዲሱ «ሴኞር ኤንዤኔይሩ» ነው። የማዕረግ ፍቅር የእኛ አገር ሰው ብቻ ይመስለን ነበር፤ ሊስቦንን ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ወደ ሉዋንዳ ስትሻገር ሌላ ወግ ታገኛለህ። በዚያ ሽማግሌውን «ማይሽ ቬልዩ» ይሉታል፤ ታላቃችን እንደ ማለት ነው። ከኪምቡንዱ ቋንቋ በመጣ ቃል ደግሞ «ኮታ» ይሉታል። እናት የምትሆንን ሴት ዘመድ ባትሆንም «ቲያ»፣ አክስት፣ ይሏታል። ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ እያለ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ረገድ ከሊስቦን ይልቅ ሉዋንዳ ለእኛ ትቀርባለች። ይሁን እንጂ ለጉባኤ የመጡትን ባለ ሥልጣን በመጀመሪያው ቀን «ኮታ» አትበላቸው። «ሴኞር» ብለህ ጀምር፤ ራሳቸው እስኪያቀርቡህ ድረስ ታገሥ።

አሁን ጥያቄውን እናለስልሰው። «ፓራ ኦንድ ኬር ኢር?» ማለት ወዴት መሄድ ይፈልጋሉ? ማለት ነው። ስሕተት የለበትም፤ ግን የታክሲ ነጂ ጥያቄ ይመስላል። «ፓራ ኦንድ ጎሽታሪያ ድ ኢር?» ስትል ወዴት ቢሄዱ ደስ ይልዎታል? ብለሃል። በፖርቱጋል በዕለት ንግግር ከዚህ ይልቅ «ጎሽታቫ» የሚለው ይሰማል፤ ላይ ላዩን ያለፈ ጊዜ ቢመስልም ምኞት ነው። በዚህ ላይ «ስ ኪዜር»፣ የፈለጉ እንደ ሆነ፣ «ኳንዱ ፑዴር»፣ በተቻለዎ ጊዜ፣ የሚሉ አሉ። ይህ ዓይነቱ የግሥ እርባታ በጎረቤታቸው በስፓንያ ከሰው አፍ ጠፍቷል፤ በፖርቱጋልኛ ግን ገበያ ውስጥ ሳይቀር ይነገራል። ሰውን ሳያስጨንቁ ለመጠየቅ እንዲህ ያለ ምቹ ነገር የለም።

መልሱን ስትሰማ ደግሞ ጆሮህን አቅና። በፖርቱጋል «ቮ አ ሊስቦአ» ያለ ሰው ሊስቦን ደርሼ እመለሳለሁ ማለቱ ነው። «ቮ ፓራ ሊስቦአ» ካለ ግን ሄጄ እቀመጣለሁ ማለቱ ነው። በጥያቄ ላይ ልዩነቱ ይላላል፤ በመልስ ላይ ግን አንዲቱ ትንሽ ቃል ሽርሽር የሚሄደውን ከሚሰደደው ለይታ ታሳይሃለች። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

በምን መሄድ ይመርጣሉ? ለማለት በፖርቱጋል «ፕርፌር ኡ ኮምቦዩ ኦ ኡ አውቶካሩ?» ትላለህ፤ ባቡሩን ነው ወይስ አውቶቡሱን? መልሱ «ፕርፊሩ» ብሎ ይጀምራል፤ እመርጣለሁ ማለት ነው። ከሊስቦን እስከ ፖርቶ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ከፖርቶ ወዲያ ደግሞ የዱሮን ወንዝ ተከትሎ የወይን እርከን በእርከን በሆነበት ሸለቆ ውስጥ የሚሄድ የባቡር መስመር አለ፤ ስለዚህ ጥያቄው ትርጉም አለው። ብራዚል ሄደህ ይህንኑ ብትጠይቅ ግን ሰውዬው ሊስቅብህ ይችላል። በመጀመሪያ በዚያ ባቡር «ትሬን»፣ አውቶቡስም «ኦኒቡስ» ነው። ከዚያም በላይ ረጅም መንገድ የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር በዚያ ሰፊ አገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከቪቶሪያ ወደብ ወደ ቤሎ ሆሪዞንቴ የሚሄደው ከቀሩት አንዱ ነው። ብራዚላዊ የሚመርጠው በአውቶቡስና በአውሮፕላን መካከል ነው። ስለ መዝናኛ ከሆነ ደግሞ ባሕር ዳር ወይስ ተራራ? ብለህ ጠይቀው። ባሕር ዳሩን «ፕራያ» ይሉታል፤ ተራራማውን አገር «ሴራ» ብለው ሲጠሩት ምን አሤሩብኝ ብለህ አትደንግጥ።

በአፍሪካማ ስሙ ብዙ ነው። በአንጎላና በሞዛምቢክ አውቶቡስ «ማሺምቦምቡ» ይባላል። የሉዋንዳ ሚኒባስ «ካንዶንጌይሩ»፣ የማፑቶው «ሻፓ»፣ የቢሳው «ቶካ ቶካ» ነው። በኬፕ ቨርዴ የቶዮታውን የ«ሃያስ» ስም ይዘው በዚያው ይጠሩታል፤ ይህንን የእኛ አገር ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። መጽሐፍ የሚያስተምርህ የሊስቦኑን ቃል ብቻ ነውና እንግዳህ ከየት እንደ መጣ አስቀድመህ ጠይቅ።

ቀን መቁረጥ ሲመጣ የእኛ ሰው ደስ የሚለው ነገር አለ። ፖርቱጋሎች የሳምንቱን ቀኖች በቍጥር ይጠራሉ። ሰኞ «ሰጉንዳ ፌይራ»፣ ሁለተኛ፤ ረቡዕ «ኳርታ ፌይራ»፣ አራተኛ፤ ሐሙስ «ኪንታ ፌይራ»፣ አምስተኛ ነው። እንግሊዛዊው ተማሪ ሰኞ የሳምንቱ መጀመሪያ ሲሆን እንዴት ሁለተኛ ይባላል? እያለ ይደናገራል። ለእኛ ግን ረቡዕ ራሱ አራተኛ፣ ሐሙስም አምስተኛ ማለት ነው፤ ሰኞም በግዕዝ ሰኑይ፣ ሁለተኛ፣ ነው። የማይገጥሙልን ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ናቸው።

«አዎን» ለማለትም አትቸገር። «ጎሽታ ድ ቪያዣር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግሡን ራሱን መልሶ «ጎሽቱ» ይላል፤ እወዳለሁ። እኛም «መጣህ?» ስንባል «መጣሁ» እንደምንለው ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አጠያየቁ ነው። አሁን ደግሞ ስለሚጠየቀው ሰው ጥቂት እንነጋገር፤ ይህንን የሚያስተምር የሰዋስው መጽሐፍ አላየሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊስቦን ውስጥ በካፌ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አፍሪካን ያውቃሉ?» ብትላቸው ዝም ሊሉህ ይችላሉ። ከ1961 እስከ 1974 ድረስ የፖርቱጋል መንግሥት በአንጎላ፣ በጊኒና በሞዛምቢክ ጦርነት ሲያደርግ በዚያ ዘመን ወጣት የነበረው ወንድ በመርከብ እየተጫነ ይላክ ነበር። ወደ አፍሪካ የሄዱት መርጠው አይደለም። ይህንን ጦርነት የሸሸውና ድኽነት የገፋው ሌላው ደግሞ ያለ ፓስፖርት የስፓንያን ምድር አቋርጦ፣ የፒሬኔን ተራራ ወጥቶ ፈረንሳይ ይገባ ነበር። እንዲህ ያለውን ስደት «አ ሳልቱ» ይሉታል፤ በዝላይ ማለት ነው። ሰውዬው የሄደው «ፓራ ፍራንሳ» እንጂ «አ ፍራንሳ» አልነበረም። በ1975 አንጎላና ሞዛምቢክ ነጻ ሲወጡ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፖርቱጋል ገባ። «ሬቶርናዱሽ»፣ ተመላሾች፣ ተባሉ፤ ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ አፍሪካ ውስጥ የተወለዱ ስለ ነበሩ ወዳላዩት አገር ነበር የተመለሱት።

የአንጎላው እንግዳ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ከሆነ «በመኪና አገር ለአገር መዞር ይወዳሉ?» ብለህ በችኮላ አትጠይቃቸው። ከ1975 እስከ 2002 ድረስ በቆየው የርስ በርስ ጦርነት የአንጎላ መንገዶች ፈንጂ ተቀብሮባቸው ነበር፤ ከሎቢቶ ወደብ እስከ ኮንጎ ድንበር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው የቤንጌላ ባቡርም ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ኖሯል። በዚያ ያደገ ልጅ መንገድ ማለት ሞት ያለበት ነገር እንደ ሆነ ተምሮ ነው ያደገው። አሁን መንገዱም ተከፍቷል፣ ባቡሩም ይሄዳል፤ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የካላንዱላን ፏፏቴም ለማየት ሰው ይሄዳል። የሰው ልብ ግን እንደ ሐዲድ ቶሎ አይጠገንም። የኬፕ ቨርዴ ሰው ደግሞ ዝናብ እምብዛም ከማይዘንብባቸው ደሴቶች የመጣ ነው። አያቱ በረኃብ ዘመን በውል ሠራተኝነት ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻ ተጭነው ይሆናል፤ አክስቱ ዛሬ በሊስቦን ወይም በአሜሪካ ትኖር ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ቤተ ሰብ ጉዞ የመዝናኛ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ እንዴት ይጠየቃል? ለእኔ እንደሚመስለኝ ሁሉን የሚከፍት አንድ ቃል አለ፤ «ቴራ» ይባላል። ትርጉሙ መሬት ነው፤ ነገር ግን «አ ሚኛ ቴራ» ያለ ፖርቱጋላዊ የተወለደበትን መንደር ማለቱ ነው፤ ልክ እኛ «አገር» ስንል አንድ ጊዜ ኢትዮጵያን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተወለድንባትን ወረዳ እንደምንለው። የሊስቦን ሰው በነሐሴ ወር ዕረፍት ሲወጣ «ወደ ቴራ እሄዳለሁ» ይላል፤ ፈረንሳይ የሚኖረውም በዚያው ወር መኪናውን ጭኖ ወደ ቴራው ይመጣል። የአዲስ አበባ ሰው አገር ቤት ልሄድ ነው እንደሚለው መሆኑ ነው። እንግዲህ «ቫይ አ ቴራ ናሽ ፌሪያሽ?» በለው፤ ለዕረፍት አገር ቤት ይሄዳሉ? ከዚህ በኋላ አንተ ሳትጠይቀው ወንዙንም፣ የእናቱንም ወጥ፣ ሊያየው የሚመኘውንም አገር ራሱ ይነግርሃል። ካልነገረህም አትወትውተው። «ስ ፑደስ ሽኮልዬር»፣ መምረጥ ቢችሉ ኖሮ፣ ብለህ በምኞት መንገድ ልትመለስ ትችላለህ።

ቀጥሎ ጥያቄው ወዳንተ ይዞራል፤ «ኢ ኡ ሴኞር?» እርስዎስ? ሴት ከሆንሽ «ኢ አ ሴኞራ?» ትባያለሽ። ከየት እንደ መጣህ ከተነገረው ፖርቱጋላዊው የታሪክ ትምህርቱን ያስታውስና «ፕሬሽት ዦአውን!» ሊልህ ይችላል፤ አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ንጉሥ ቄሱ ዮሐንስ እያሉ ይጠሩ የነበረው ነው። በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ዳግማዊ ዦአውን ፔሩ ዳ ኮቪልያ የተባለውን ሰው ይህንኑ ንጉሥ እንዲፈልግ ላከው። ሰውዬው ግብፅን፣ ሕንድን፣ ዐረብን ዞሮ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፤ ወደ አገሩ እንዲመለስ ግን አልተፈቀደለትም። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እዚሁ አርጅቶ አገኘው። አልቫሬዝ ራሱ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ተመለሰ፤ በ1540 በሊስቦን የታተመው መጽሐፉም ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ ካወሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ስለዚህ መልስህ የተዘጋጀ ነው። ፖርቱጋልኛ አንድን ቦታ አየሁት ከማለት ይልቅ አወቅሁት ማለትን ይወዳል፤ «ኮኜሰር» ይባላል፤ ማወቅ። «ኮኜስ ላሊበላ?» ላሊበላን ያውቃሉ? በለው። «ናውን፣ ማሽ ጎሽታቫ» ያለህ እንደ ሆነ አላውቀውም፣ ግን ባውቀው ደስ ይለኛል ማለቱ ነው። ስለ ጎንደር ግን ሲጠይቅህ ጥቂት ተጠንቀቅ። የፋሲልን ግንብ የኛ ሰዎች ሠሩት የሚል ወሬ ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ አፄ ፋሲል የኢየሱሳውያንን ካህናት ከአገር ያስወጡ ንጉሥ መሆናቸውን ለመንገር እርሱ ጎንደር ደርሶ ግንቡን በዓይኑ እስኪያይ ብትጠብቅ ይሻላል።